ከሳንቡክ አዛዥነት ወደ ዘይላ ወንበር፤ የሐጂ ሸርማርኬ ሕይወት

ሐርጌሳ ዓመፅን ከነመከራው በአደባባይ የምታስብ ከተማ ናት። በመካከሏ በሐውልት ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የሚግ አውሮፕላን፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የገዛ መንግሥቷ አውሮፕላኖች ያዘነቡባትን እሳት ለትውልድ የሚያዘክር ሲሆን (ከዚህ በታች የሚጠሩትም ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት በዚያው አቆጣጠር ናቸው)፣ በየሻይ ቤቱ ደግሞ ከ1899 ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል ከእንግሊዝ ጋር የተዋጋው የሰይድ መሐመድ ዓብዲሌ ሐሰን ስም፣ ሲመሰገንም ሆነ ሲነቀፍ፣ ከሰው አፍ የሚጠፋ አይደለም። ነገር ግን ከሰይዱ በፊት፣ ይህች ከተማ ራስዋ ገና ከተማ ሳትባል፣ በጠረፉ ላይ የተነሣ አንድ ኖትያዊ ነበረ፤ ሕይወቱን በመርከብ መሪ ላይ ጀምሮ፣ በነፍጥና በመድፍ የወደቢቱን የዘይላን ወንበር ነጥቆ፣ በፍጻሜው እስረኛ ሆኖ በመርከብ ላይ ነፍሱ ያለፈችው ሐጂ ሸርማርኬ ዓሊ ሷሊሕ ነው። ስለ እርሱ የሚነገረው ከሰይዱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን የእርሱ ታሪክ ይበልጥ የሚቀርበን ነው፤ የምኞቱ መጨረሻ ሐረር ነበረችና።

በዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የባሕር መኰንኖች በመንግሥት ላይ ሲያምፁ የታዩባቸው አገሮች ብዙዎች ናቸው። በብራዚል አድሚራል ኩስቶዲዮ ዴ ሜሎ በ1893 የጦር መርከቦቹን ይዞ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ወደብ በገዛ መንግሥቱ ላይ መነሣቱ በዓለም ሁሉ የተሰማ ነገር ነበር። በእኛ ባሕር ግን እንደዚያ ያለ መደበኛ የባሕር ኃይል፣ ማዕርጉም ሆነ የደንብ ልብሱ፣ ከባዕዳን በቀር ለማንም አልነበረም። በዚህ ጠረፍ የባሕር መኰንን ማለት ናኹዳው ነበር፤ ይኸውም የሳንቡኩ (የሸራ መርከቡ) አዛዥ፣ ነፋሱንና ከዋክብቱን የሚያውቅ፣ የነጋዴውን ዕቃ በአደራ የሚቀበል፣ ኖትያውን የሚቀጣና የሚመግብ፣ ወንበዴ ሲመጣም ነፍጥ አንሥቶ የሚዋጋ ሰው ነው። ሸርማርኬ ከሶማሌው የኢሳቅ ነገድ ጎሣዎች አንዱ ከሆነው ከሀብር ዩኒስ የተወለደ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሥራው ይኸው ናኹድነት ነበር።

ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ በባዕዳን መዝገብ ያስገባው የ1825 ነገር ነው። በዚያ ዓመት ሜሪ አን የምትባል የእንግሊዝ የንግድ መርከብ በበርበራ ፊት መልሕቋን ጥላ ሳለ፣ የአገሩ ሰዎች አደጋ ጥለው ዘረፏት፤ ከሰዎቿም የተገደሉ ነበሩ። ሸርማርኬ በዚያ ሽብር መካከል የእንግሊዞቹን ኖትያ ለማዳን ሲከላከል ግራ ክንዱን በሰይፍ ክፉኛ ቆሰለ። ስለዚህም በየመን ወደብ በሞካ የእንግሊዝ ተጠሪ የነበረው ካፒቴን ባግኖልድ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የምስክር ወረቀትና ሽልማት ሰጠው። ያ ወረቀት ለሸርማርኬ ምን ያህል እንደ ጠቀመው ለመረዳት፣ የወገኖቹን ዕጣ ማየት ይበቃል፤ በበርበራ የነበሩት፣ ከሌላው የኢሳቅ ጎሣ የሆኑት የሀብር አወል ሰዎች ወደባቸው በእንግሊዝ መርከቦች ተዘግቶባቸው፣ በ1827 ዓሥራ አምስት ሺህ ብር ካሣ ለመክፈል የሚያስገድዳቸውን ውል ሲፈርሙ፣ እርሱ ግን ወደ ቦምቤይ ተሻግሮ በክብር ተስተናገደ። አንዱ ጎሣ በዕዳ ተይዞ ሲማቅቅ አንዱ ሰው በዚያው ነገር ወዳጅ አገኘበት። ይህን በመጥፎ ዓይን የሚያዩ ነበሩ፤ እኔ ግን ከሚዘረፍ መርከብ ሰው ለማዳን ክንዱን የሰጠ ናኹዳ ዋጋውን በመቀበሉ የሚወቀስ አይመስለኝም።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን አስቀድሞ የዚያን ዘመን የበርበራ ገበያ እንዴት ያለ እንደ ነበረ መግለጽ ያስፈልጋል፤ የሸርማርኬ ሥራ ሁሉ የሚያጠነጥነው በእርሱ ላይ ነውና። በርበራ ዓመቱን ሙሉ የምትኖር ከተማ አልነበረችም። በጥቅምትና በኅዳር፣ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ሲነሣ፣ ከሕንድ ከካችና ከቦምቤይ፣ ከዐረብ ባሕረ ሰላጤ፣ ከሞካና ከኤደን የሚመጡ ሳንቡኮች ወደቡን ይሞሉታል፤ ባንያን የሚባሉት የሕንድ ነጋዴዎች ጨርቃቸውን፣ ሩዛቸውንና ብረታቸውን ይዘው ይወርዳሉ፤ ከየብስ በኩል ደግሞ ከሐረርና ከኦጋዴን የሚመጣው ቅፍለት ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሙጫ፣ ቅቤና ባሪያ ይዞ ይደርሳል። እንደ ኤደኑ ሹም እንደ ክራተንደን ጽሑፍ፣ ገበያው በደራበት ጊዜ በዚያ ባዶ አሸዋ ላይ ሃያ ሺህ ያህል ሰው ይሰፍር ነበር፤ ሚያዝያ ሲገባ ግን ሰሌንና እንጨቱ ተነቅሎ፣ ሰፈሩ ባዶውን ቀርቶ፣ ሰጎንና የዱር አውሬ ይመላለስበታል። ባዕድ ነጋዴ በዚህ ገበያ ውስጥ ከአገሩ ሰው መካከል አንድ አባን ሳይይዝ ዕቃውን ማራገፍ አይችልም ነበር፤ አባኑ ጠባቂው፣ ደላላውና ዋሱ ሲሆን፣ ከሚሸጠውና ከሚገዛው ሁሉ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። እንግዲህ ወደቡን የሚገዛ አንድ መንግሥት በሌለበት፣ የወደቡን ጥቅም አባኖችና ጎሣዎች እየተሻሙ በሚካፈሉበት አገር፣ ያን ሁሉ ጥቅም በአንድ እጅ ለመሰብሰብ የሚያስብ ሰው ቢነሣ፣ ነጋዴው ሊያመሰግነው፣ ጎረቤቱ ግን ዓመፀኛ ሊለው ግድ ነበር።

ዛሬ ሐርጌሳ ያለችበት ሸለቆ ያን ጊዜ ከሐረር ወደ በርበራ የሚወርደው ቅፍለት ግመሎቹን የሚያጠጣበት ሥፍራ ነበር፤ በኋላ ሼኽ መደር ተከታዮቻቸውን ይዘው ሰፍረውበት መንደር፣ ከዚያም ከተማ ሆነ። ከድንበሩ ከቶጎ ውጫሌ ተነሥተው በሐርጌሳ በኩል ወደ በርበራ የሚወርዱት የጭነት መኪናዎች የሚከተሉት አቅጣጫ፣ በብዙው የዚያኑ የግመል መንገድ ነው።

በጥር ወር 1839 የእንግሊዞች የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ኤደንን በጦር ያዘ። ይህን ያደረገው ካፒቴን ሄይንስ የሕንድ ባሕር ኃይል መኰንን ነበር፤ እርሱም ከጦር መርከብ ወርዶ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ከተማይቱን እንደ ገዥ አስተዳደረ። ኤደንን ለያዘ ሰው ከበርበራ የሚሻገረው በግና ቅቤ፣ ሣርና እንጨት ለጦሩ የዕለት ቀለብ ስለ ሆነ፣ በዚህኛው ጠረፍ ታማኝ ወዳጅ ማግኘት ለሄይንስ ጥቅም ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነበር፤ ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት የተጻፈውን የምስክር ወረቀት በእጁ የያዘው ሸርማርኬም ለዚህ የተመቸ ሰው ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ እንግሊዞች ለጊዜው ሁለት ገበታ ይዘው ነበር። በ1840 ካፒቴን ሞርዝቢ በመርከብ መጥቶ፣ በመጀመሪያ ከታጁራ ሱልጣን ጋር፣ ቀጥሎም በመስከረም ወር ከዘይላው ገዥ ከሰይድ መሐመድ አል ባር ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራረመ፤ ይህም የሆነው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ሆነው ከአውሮፓ መልእክተኞችና መሣሪያ በሚጠባበቁበት፣ የካፒቴን ሃሪስ መልእክተኝነትም በ1841 በታጁራ በኩል ወደ ሸዋ ለመውጣት በተዘጋጀበት ጊዜ ነበር።

የውሉ ቀለም ገና ሳይደርቅ ነው ሸርማርኬ በዘይላ ላይ የተነሣው። በክር እየተለኮሰ የሚተኮስ ነፍጥ የያዙ አምሳ ሰዎች፣ ሁለት መድፎችና ጦር የያዙ ፈረሰኞች አስከትሎ ወደ ከተማይቱ ገሠገሠ፤ ዐረቡን ገዥ ሽሮ አሠረውና በወንበሩ ተቀመጠ። አምሳ ነፍጥ ዛሬ ለሚሰማው ሰው ሣቅ የሚያመጣ ቁጥር ነው። ነገር ግን ዘይላ ራስዋ ምን ያህል ነበረች? ከጥቂት ዓመት በኋላ ያያት መንገደኛ እንደ ቆጠረው፣ ኖራ የተቀቡ ዐሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ የድንጋይ ቤቶችና ከሁለት መቶ ጥቂት የሚበልጡ የሣር ጎጆዎች ነበሯት። ለእንዲህ ያለች ከተማ ሁለት መድፍ የመንግሥት ያህል ነው፤ መድፍን ከመርከብ አውርዶ ማቆምና ማነጣጠር የሚያውቀውም የባሕር ሰው ነው።

አል ባር በሸርማርኬ ላይ የሚያቀርበው ክስ ግልጽ ነበር፤ ዓመፅ። ሸርማርኬ ግን ከተማይቱን በያዘ ማግሥት ያደረገው ነገር አስተዋይነቱን ያሳያል። ዘይላ በስም በባሕሩ ማዶ ላሉት ለየመን የኦቶማን ባለሥልጣኖች የምትገብር፣ ቀረጧም ለኮንትራት ተቀባይ የሚሸጥ ወደብ ስለ ነበረች፣ እርሱ ይህን ሥርዓት ሳያፈርስ ኮንትራቱን በእጁ አደረገ፤ ግብሩንም ከፈለ። የዓመፀኛው ስም ከዚያ በኋላ በመዝገቡ ላይ የኦቶማን ገዥ ሆኖ ተጻፈ። የተሸነፈው ሰው ወንጀል ያለውን ገንዘብ ተቀባዩ ሹመት ሲለው፣ ሁለቱም እንደየጥቅማቸው እውነት ተናግረዋል።

ከዚህ በኋላ ዓይኑ ወደ በርበራ ዞረ። በበርበራ የሀብር አወል ሁለቱ ቤቶች፣ ዓያል አሕመድና ዓያል ዩኒስ፣ የባዕዳን ነጋዴዎች አባን በመሆን መብት ተጣልተው እርስ በርሳቸው ደም ይፋሰሱ ነበር። ሸርማርኬ በ1845 ይህን ጠብ መግቢያ በር አድርጎ ነፍጥ ያዢዎቹን ወደ ወደቡ ላከ፤ ትንንሽ የመጠበቂያ ግንቦችም አሠርቶ ልጁን መሐመድን በዚያ አስቀመጠ። አሳቡ ከዘይላ እስከ በርበራ ያለውን ጠረፍ አንድ አድርጎ፣ ከሐረር የሚወርደው ቅፍለት በየትኛውም በር ቢወጣ ከእርሱ እጅ እንዳያመልጥ ማድረግ ነበር። ሆኖም ለጠብ የተጠራ ዳኛ እንደ ጌታ ሲቀመጥ፣ ባላንጦቹ ጠባቸውን ትተው በዳኛው ላይ መተባበራቸው አይቀርምና፣ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ሁለቱ ቤቶች አንድ ሆነው የሸርማርኬን ጦር ከበርበራ አስወጡት። ከሁሉም ሥራው የከሸፈበት ይህ ነው፤ በእኔ ግምት ከዚያ በኋላ የደረሰበት ሁሉ ሥሩ ከዚህ ነው። በርበራን የያዘ ሸርማርኬ ለኤደን የማይተካ ሰው በሆነ ነበር፤ ዘይላን ብቻ የያዘው ሸርማርኬ ግን ከብዙዎች አንዱ የቀረጥ ተኮናታሪ ሆነ።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ነው እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን በጥቅምት ወር ማብቂያ 1854 ሐጂ ሚርዛ አብዱላህ በሚል ስም ዐረባዊ ነጋዴ መስሎ ዘይላ የደረሰው። የመንገደኛው ፍላጎት እስከዚያ ዘመን አንድም አውሮፓዊ ገብቶ የወጣባት ስለ መኖሩ ያልተሰማባትን ሐረርን ማየት ሲሆን፣ ማን እንደ ሆነ በምሥጢር የሚያውቀው ገዥ በቤቱ አሳድሮ በማዕዱ እያበላ አራት ሳምንት ያህል አስቀመጠው። የበርተን ብዕር በሰው ላይ ስለታም ናት፤ ለሶማሌውም ለሐረሪውም ለዐረቡም በጎ ቃል ለመስጠት የምትሰስት ብትሆንም፣ ሸርማርኬን ግን በአክብሮት ሥላዋለች። ዕድሜው ከስድሳ ያላነሰ፣ ቁመቱ ረጅም፣ አካሉ ጠንካራና ከሲታ፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ሽማግሌ ነው። እንዲህ ያለው ሽማግሌ ሰው ሲያየው ለሞቱ የሚዘጋጅ ይመስላል፤ አፉን ሲከፍት ግን ሐረርንና በርበራን ይዞ ጠረፉን ሁሉ እንዴት እንደሚገዛ፣ ሥልጣኑንም እንደ ጥንቱ እስከ ሐበሻ አገር እንዴት እንደሚዘረጋ ይናገራል፤ በርተንም አሳቡ የወጣት እንጂ የሽማግሌ አይመስልም ብሎ ጽፎለታል። ለዚህ ዓላማው እንግሊዞች እንዲረዱት ከሆነም፣ ብዙ ትርፍ የሚገኝበትን የባሪያ ንግድ እስከ ማስቀረት ለመድረስ ፈቃደኛ ነበር። ይህን ፈቃደኝነት ከርኅራኄ የመነጨ ነው ለማለት ማስረጃ የለንም፤ ነገር ግን ለንደን የምትፈልገው ቃል የትኛው እንደ ሆነ በዘይላ ሆኖ ማወቁ ራሱ የፖለቲካ ዕውቀት ነው።

ገዥው ወደ ሐረር እንዳይሄድ ቢያስፈራራውም፣ ኋላ ግን በቅሎ አስፈልጎ፣ ከዒሳ ወገን ራጌ የሚባል አባን ሰጥቶ፣ በኅዳር ማብቂያ አሰናበተው። መንገደኛው በጥር 3 ቀን 1855 ሐረር ገብቶ በአሚር አሕመድ ፊት ቀረበ፤ ዐሥር ቀንም ተቀምጦ በሰላም ወጣ። በሚያዝያ ወር ግን ለሌላ ጉዞ በበርበራ ዳርቻ ሰፍሮ ሳለ በሌሊት አደጋ ተጣለበት፤ ከጓደኞቹ የሕንድ ባሕር ኃይል መኰንን የነበረው ስትሮያን ተገደለ፣ ስፒክ በብዙ ቦታ ቆሰለ፣ የበርተንንም ጉንጭ ጦር ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው አለፈበት። ያ ሌሊት በርበራን ዳግመኛ ለመዘጋት አበቃት፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት የሆነው ነገር በዚያው አሸዋ ላይ ተደገመ።

በዚያን ጊዜ አካባቢ የዘይላ ኮንትራት ከሸርማርኬ እጅ ወጥቶ ለአፋሩ ለአቡበከር ኢብራሂም ተሰጠ። አቡበከር የቅፍለትና የባሪያ ንግድ ታላቅ ጌታ ነበር፤ የሸርማርኬ ተስፋ በኤደን ላይ እንደ ነበረ ሁሉ የእርሱም ተስፋ በፈረንሳዮች ላይ ነበር። በኋላ ዘመን ፓሻ ተብሎ፣ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር በሚደረገው የመሣሪያ ንግድ ውስጥ ዋና ሰው ለመሆን የበቃው እርሱ ነው። ሁለቱ ሰዎች በአንዲት ትንሽ ወደብ ላይ ሲታገሉ፣ በጀርባቸው ሁለት የአውሮፓ መንግሥታት ይገፋፉ ነበር።

ሸርማርኬን ያጠፋውም ይኸው መገፋፋት ነው። በኤደን የፈረንሳይ ቆንስላ ወኪል የነበረው፣ የአቡበከር ወዳጅና የሸርማርኬ ተቃዋሚ አንሪ ላምበር፣ በሰኔ ወር 1859 በታጁራ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ በተሳፈረበት ሳንቡክ ላይ ተገደለ። ፈረንሳዮች ነገሩን የሚመረምር የጦር መርከብ በአዛዡ በፍሎሪዮ ደ ላንግል መሪነት ላኩ፤ አዛዡም በ1861 ሸርማርኬን የግድያው አሳቢ ነህ ብሎ ከሌሎች ተከሳሾች ጋር ይዞ፣ ለኦቶማን ባለሥልጣኖች ፍርድ ሊያስረክበው በመርከቡ ጫነው። ሽማግሌው ግን ፍርድ ሳይሰማ፣ በደሉም ሆነ ንጽሕናው ሳይገለጥ፣ በዚያው ዓመት በመርከብ ላይ እንዳለ ሞተ። ሰው ጠላቱ በተገደለ ጊዜ ተጠርጣሪ መሆኑ ያለ ነው፤ ከሳሹም ያዡም አንድ መንግሥት በሆነበት ምርመራ ግን እውነቱን ለይቶ ማወቅ አይቻልም። በግንቦት 1825 የተጻፈው የእንግሊዞች የምስክር ወረቀትም በዚያች ዕለት አላዳነውም፤ ኤደን ለአንድ የተሻረ ቀረጥ ተኮናታሪ ብላ ከፈረንሳይ ጋር የምትጣላበት ምክንያት አልነበራትምና።

እዚህ ላይ የኤደኑን ካፒቴን ሄይንስን ፍጻሜ ማንሣት ግድ ነው። በ1854 የኤደን ግምጃ ቤት ሲቆጠር ሃያ ስምንት ሺህ ፓውንድ ያህል ጎደለ፤ ገዥው ወደ ቦምቤይ ተወስዶ በማጭበርበር ተከሰሰና ሁለት ጊዜ ነጻ ነህ ተባለ፤ ሆኖም ዕዳውን ክፈል ተብሎ ስድስት ዓመት በእሥር ቤት ቆየ። በሰኔ 1860 ሲለቀቅ ሰውነቱ አልቆ ስለ ነበር፣ ወደ አገሩ ሊያደርሰው በተሳፈረበት መርከብ ላይ፣ መርከቡ ገና ከቦምቤይ ወደብ ሳይወጣ ሞተ። ከባሕር ወርደው የባሕሩን ሁለት ዳርቻ የገዙት ሁለቱ መርከበኞች፣ አንዱ ባለማዕርግ እንግሊዛዊ፣ አንዱ ሶማሌ ናኹዳ፣ በአንድ ዓመት ልዩነት በመርከብ ላይ ሞቱ፤ አንዱ ከእሥር ወጥቶ፣ አንዱ ወደ እሥር ሲሄድ።

ላምበር ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1862፣ ፈረንሳይ ኦቦክን በዐሥር ሺህ ብር ገዛች። በ1875 ግብጾች ዘይላንና በርበራን ይዘው ሐረር ድረስ ወጡ፤ ሽማግሌው ሸርማርኬ በዘይላ ሆኖ ያለመው፣ ጠረፉንና ሐረርን በአንድ እጅ የመያዝ አሳብ፣ በግብጹ አዛዥ በራዑፍ ፓሻ ጦር ለዐሥር ዓመት ያህል እውን ሆነ። ግብጾች ሲለቁ ጠረፉን እንግሊዞች ወሰዱ፤ ሐረርን በ1887 ምኒልክ ያዙ። ከዚያ ጀምሮ የባሕሩ በርና የገበያው አገር ተለያይተው ቀሩ፤ በጥር 1 ቀን 2024 አዲስ አበባና ሐርጌሳ ስለ ባሕር በር የፈረሙት የመግባቢያ ሰነድ ያስነሣው ጩኸትም፣ ሥሩ ሲቆፈር ወደዚህ ወደ ቆየው መለያየት ያደርሳል።

ሸርማርኬ ዓመፀኛ ነበረን? በዘይላ በር ላይ መድፍ ያቆመበትን ዕለት ብቻ ለሚያይ ሰው አዎን፤ ሥራውን በሙሉ ለሚመረምር ግን፣ በብዙ ጌቶች መካከል ለራሱና ለወገኖቹ አንድ መንግሥት ለማቆም የሞከረ፣ ለዚያም ብልኃት እንጂ በቂ ጦር ያልነበረው ሰው ነው። ስለ እርሱ በጽሑፍ የምናገኘው አብዛኛው የባዕዳን መኰንኖችና መንገደኞች ቃል መሆኑ ግን ያሳዝናል። በሐርጌሳ፣ በበርበራና በዘይላ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን የሚያውቁ አረጋውያን አሉ፤ በሐረርም በኩል የቅፍለቱን ነጋዴዎች ነገር የሚተርኩ ቤቶች አይጠፉም። ይህን የሚያነብ ሰው በቤቱ እንደነዚህ ያሉ አባት ወይም እናት ካሉት፣ ብዕርና ወረቀት ይዞ አጠገባቸው ይቀመጥ፤ ስለ ሐጂ ሸርማርኬ፣ ስለ አባኖቹና ስለ በርበራ ገበያ የሚያውቁትን ጠይቆ በስማቸው ይጻፍ።